ለበቀቀን መድኃኒቱ በቀቀን ነውን?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



«ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ይላል ብሂላችን። በቀቀን የሚያሳድግ ሰውም ወፉ ላባውን ሲነጭ ወይም ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ባየ ጊዜ፣ ይህንኑ ብሂል ወደ ወፉ አዛውሮ ሁለተኛ በቀቀን ወደ ቤቱ ለማስገባት ይነሣል። ዛሬ የምመረምረው ይህን አሳብ ነው፤ ዋና ምሳሌዬም ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ይሆናል።

አሳቡ መሠረት አለው። በቀቀን በተፈጥሮው ከብጤው ጋር የሚኖር ፍጡር ነው። በደጋማው የአገራችን ክፍል የሚኖሩት ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች እንኳ ዛፍ ላይ ሲመገቡ የሚታዩት በጥንድ ወይም በአነስተኛ መንጋ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ብቻቸውን በሚያዙ ግራጫ በቀቀኖች ዘንድ ቴሎሜር፣ ማለትም የክሮሞሶም ጫፍ መከለያ፣ በጥንድ ከሚኖሩት ይልቅ አጥሮ መገኘቱን አሳይቷል። ቴሎሜር በዕድሜና በውጥረት የሚያጥር በመሆኑ፣ ውጤቱ ብቸኝነት በአካልም ላይ አሻራውን እንደሚተው ይጠቁማል። የስዊዘርላንድ የእንስሳት ጥበቃ ደንብም በቀቀን ቢያንስ በጥንድ እንዲያዝ ያዛል።

እንግዲህ በቀቀን ጓደኛ እንደሚያሻው አያከራክርም። ችግሩ መራጮቹ እኛ መሆናችን ነው። የዱር በቀቀን አጣማሪውን ከብዙዎች መካከል ራሱ ይመርጣል፤ ያልወደደውንም ትቶ ይበራል። የቤቱ በቀቀን ግን አንድ ማለዳ ባልመረጠው ፍጡር ፊት ራሱን ያገኛል፤ የሚሸሽበትም ሰማይ የለውም።

አይሪን ፔፐርበርግ አሌክስ የተባለውን ዝነኛ ግራጫ በቀቀን ከ1977 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ያስተማሩበት ዘዴ ለዚህ ብርሃን ይሰጣል። ወፉ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ያያል፤ ከሁለቱ አንዱ ለወፉ አርአያም፣ የአስተማሪውን ትኩረት የሚሻማ ተቀናቃኝም ነው። ትምህርቱን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ድርብ ሚና ነው። ኋላም ግሪፊን የተባለው ወጣት በቀቀን ሲጠየቅ፣ አሌክስ ጣልቃ እየገባ ይመልስ ነበር። ወደ ቤት የሚገባው እንግዳም እንዲሁ ጓደኛና ተቀናቃኝ ሆኖ ይመጣል፤ የትኛው እንደሚያመዝን ግን በአገባቡ ይወሰናል።

አገባቡ በጤና ይጀምራል። ነባሩ ወፍ ላባውን የሚነጨው ታሞ ከሆነ፣ ሁለተኛው ወፍ ሕመሙን አይፈውስም፤ ስለዚህ አስቀድሞ በእንስሳት ሐኪም ይመርመር። እንግዳውም ተመርምሮ ቢያንስ ለ30 ቀናት፣ ቢቻል ለ45፣ በተለየ ክፍል ይቆይ። ሲታኮሲስ የተባለው የወፍ በሽታ በደረቀ ኩስና በላባ ብናኝ ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ የሳንባ ምችም ያስከትላል። በ1929 እና 1930 እ.ኤ.አ. ከበቀቀን ንግድ ጋር ተያይዞ በብዙ አገሮች ተዛምቶ ሰዎችን ገድሏል። በእነዚህ ሳምንታት አስቀድሞ ነባሩን፣ ቀጥሎ እንግዳውን መመገብ፣ ከዚያም እጅ መታጠብና ልብስ መቀየር ይገባል።

ከዚያ ትውውቁ በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ በድምፅ፣ ቀጥሎ ተራርቀው በተቀመጡ ሁለት የሽቦ ጎጆዎች በዓይን፣ በመጨረሻም ከሁለቱም ጎጆ ውጭ፣ ሰው በቅርብ እየተመለከተ፣ ለጥቂት ደቂቃ። እንግዳውን በነባሩ ጎጆ ውስጥ መክተት ግን ለጠብ መጋበዝ ነው፤ በቀቀን ጎጆውን እንደ ርስቱ ይጠብቃል፣ ምንቃሩም የሌላውን ጣት ሊቆርጥ ይችላል። የዓይን ብሌን ቶሎ ቶሎ መጥበብና መስፋት ከተነሣ የአንገት ላባና ከተከፈተ ምንቃር ጋር ከታየ፣ የዕለቱ ትውውቅ ይብቃ። ሰላምታም ምግብም ለነባሩ ይቅደም።

ከወፎቹ ይልቅ የሚከብደው የባለቤቱ ፈተና ነው። ሁለቱ ከተስማሙ፣ ነባሩ ትከሻችንን ትቶ ወደ ብጤው ሊያዘነብል፣ ከእኛ ጋር መነጋገሩንም ሊቀንስ ይችላል። ይህን እንደ ክህደት የሚቆጥር ሰው ጓደኛ የፈለገው ለወፉ ሳይሆን ለራሱ ነበር ማለት ነው። ሌላም ጥያቄ አለ፤ እንግዳው ከየት መጣ? ግራጫው በቀቀን በ2016 እ.ኤ.አ. በተወሰነው መሠረት በሳይተስ ስምምነት አባሪ አንድ ውስጥ ገብቷል፤ ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወርም ተከልክሏል። የአንዱን ብቸኝነት ለማስታገስ ሌላውን ከመንጋው መንጠቅ፣ ብቸኝነትን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ነው።

ስለዚህ በርእሱ ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ በቀቀን ለበቀቀን መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ባይፈውስ እንደ መድኃኒት የሚጣል አይደለም። ዕድሜው ከ40 ዓመት ሊያልፍ የሚችል ፍጡር ነው። ሁለቱ ባይስማሙ እንኳ እስከ መጨረሻው በሁለት ጎጆ፣ በሁለት የመጫወቻ ሰዓት ለማኖር የሚችል ቤት ሁለተኛውን ያስገባ። ይህን የማይችል ግን ጊዜውን ለመጀመሪያው ይስጥ።