ከማስረዳት በፊት መጠየቅ



ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ እኔ በግብርና ምህንድስና ተመርቄ ኑሮዬን የገፋሁት የውሃ ፓምፕ በመሸጥ ነው። ስጀምር፣ ሽያጭ ማለት ዕቃውን አብጠርጥሮ ማወቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ፎገራ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። ስለ ናፍጣ ሞተሩ የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ ስለሚገፋው ሊትር፣ ስለ ነዳጅ ቁጠባው አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው። ቡና አስፈሉልኝ፤ "እሺ ልጄ" ብለውም ሸኙኝ። በሳምንቱ ወረታ ሄደው፣ ጉልበቱ የኔን ግማሽ የማይሞላ ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ ገዙ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ለአለቃዬም "አልገባቸውም" አልኩት።

ቆይቼ በዚያው ሳልፍ፣ "አባቴ፣ ለምን የኔን ተዉት?" አልኳቸው። ሳቁና፣ "ያንተስ ጉልበተኛ ነው። ግን ማታ ማን ይጠብቀዋል? ይኼን እኔና ልጄ ተሸክመን ቤት እናስገባዋለን" አሉኝ። በቃ፣ ሌባ ፈርተው ነው። እኔ ስለ ሞተር ስናገር እሳቸው የሚያስቡት ስለ ሌሊቱ ነበር። ያልገባው ለካ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ካታሎግ ከመዘርጋቴ በፊት እጠይቃለሁ፦ ማታ የት ያድራል? ማን ይሸከመዋል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መጋቢት ላይ ወንዙ ምን ያህል ይወርዳል?

ታዲያ የተማርነው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የመጨረሻውን ጥያቄ ተመልከቱ። ካታሎጉ "8 ሜትር ይስባል" ቢል፣ ልኩ የባሕር ጠለል ላይ ነው። ፎገራ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ 8ቱ ወደ 6 ይወርዳል። ወንዙ ሲጎድል አፋፍ ላይ የተተከለ ከባድ ፓምፕ ውሃ አይደርስለትም፤ ሽንኩርቱ ኮረት ሊይዝ ሲል ይጠማል። እኚያ አባት የመረጡት ግን ወንዙን ተከትሎ በሸክም ይወርዳል። ስሌቱን እዚሁ ግቢ ተምሬዋለሁ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ ያልተጠቀምኩበት፣ ስላልጠየቅሁ ነው።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ነገር ልለምን። ተማሪዎቻችሁን ለልምምድ ስትልኩ፣ ከለኩት ቁጥር ጋር ገበሬው የሚያሳስበውንም አንድ ነገር ጽፈው ይምጡ። እኔ ይህን የተማርኩት ገበያ አጥቼ ነው፤ እነሱ ከእናንተ ይማሩት።