ምስክር የሌለው ገንዘብ፦ አረጋውያንና የስልክ ማጭበርበር
(ለቢቸናና ለሞጣ አረጋውያን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር)



በቢቸናም ሆነ በሞጣ በሬ ሲሸጥ ወይም ብር ሲበደር ዋስ ይጠራል፣ ምስክር ይቆማል። ልማዱ የተሠራው ሰው ሁሉ ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ ታማኙም በችኮላ እንዳይሳሳት ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ገንዘባችን ወደ ስልክ ሲገባ ምስክሩን ለምን ውጭ አስቀረነው?

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጡረታውም የጤፍ ሽያጩም ብር በስልክ ይተላለፋል። «እኔ ኢንተርኔት አልጠቀምም፣ ማን ያታልለኛል?» የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ በ*127# ብር የሚላከው ያለ ኢንተርኔት ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ቢቋረጥ እንኳ አደጋው አብሮ አይቋረጥም፤ ለአጭበርባሪ ድምፁና አጭር መልእክት ይበቁታል።

መልኩ ይለያያል። አንዱ «ከቴሌ ነው፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል» ብሎ አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር እንዲነግሩት ይጠይቃል፤ ያ ቁጥር የሂሳብዎ ቁልፍ ነው። ሌላው ብር የገባ የሚያስመስል መልእክት ልኮ «በስሕተት ነው፣ ስለ እግዚአብሔር ይመልሱልኝ» ይላል፤ ቀሪ ሂሳቡን ሳያይ የላከ ሰው የሚሰጠው የራሱን ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ዲቪ እንደ ደረሰዎ ይነግርዎታል፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን ዕጣ ለወጣለት ሰው አይደውልም፣ ውጤቱን አመልካቹ ራሱ በያዘው የማረጋገጫ ቁጥር ከመንግሥቱ ድረ ገጽ ያያል። አራተኛው ባሕር ማዶ ባለ ልጅዎ የቴሌግራም ስም «አባዬ፣ ቸግሮኛል» ብሎ ይጽፋል።

በአራቱም ዘንድ ሁለት ቃላት አይጠፉም፦ «አሁኑኑ» እና «ለማንም አይንገሩ»። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ደዋዩ የሚያጣድፈው ምስክር ከመጣ ሥራው እንደሚበላሽበት ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ ስልኩን ይዝጉ። ባለጌ ያሰኘኛል ብለው አይስጉ፤ እውነተኛ ጉዳይ እስከ ነገ ይቆያል። ልጅዎን በሚያውቁት ቁጥር ይደውሉለትና ድምፁን ይስሙ። ብር ከመላክዎ በፊት የሚያማክሩትን አንድ ሰው ዛሬውኑ ይምረጡ። ምስክር ማለት ግን የምስጢር ቁጥር የሚነገረው ሰው ማለት አይደለም። ቁጥሩን ለልጅ ልጅም፣ ለባለ ሱቅም፣ ለባንክ ሠራተኛም አይንገሩ።

የተታለለ ቢኖር ከሁሉ የሚጎዳው ዝምታ ነው። ብዙ አረጋውያን «ልጆቼ ምን ይሉኛል?» ብለው ይደብቃሉ፤ በዚያ መካከል ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ይሸሻል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማጭበርበርን በወንጀል ያስቀጣል፤ በሕግ ፊት ተጠያቂው አታላዩ ነው እንጂ የተታለለው አይደለም። መልእክቱን ሳያጠፉ ወዲያው ለባንክዎ፣ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ እንዲሁም ለፖሊስ ያመልክቱ።

ልጆችም ወላጆቻችሁ ሲነግሯችሁ አትቆጡ። የተቆጡት ወላጅ በሚቀጥለው ጊዜ አያማክራችሁም፤ ያን ጊዜ ምስክር አልባ ይሆናሉ።