ጣፊያን ስለ መዳበስ
(ለሕክምና ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ትኩሳት የያዘው ሰው ሲመጣ «ደጋ ላይ የቆላ በሽታ ምን ያደርጋል?» ብለን ማለፍ ይቀናናል። የላስታ ገበሬ ግን ዓመቱን ሙሉ በደጋው አይውልም፤ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ሑመራና መተማ ወርዶ የሚመለሰው ብዙ ነው። በሽታው የሚይዘው እዚያ፣ የሚጥለው እዚህ ይሆናል።

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የታወቀው የካላ አዛር ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ተገምቶ ነበር። በዚህ መካከል ሰው አለቀ።

እንግዲህ «ወንድሜ፣ ለሥራ የት ወርደህ ነበር?» እንበል። ሰውየው የቆላውን ሥራ ከሕመሙ ጋራ አያገናኘውምና ሳይጠየቅ አይናገርም። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፎ ሰውነቱ ከከሳ፣ ጣፊያውን ሳንዳብስ አናሰናብተው።

አዳበሱም ወግ አለው። የላስታ ጧት ብርድ ነውና እጃችንን እናሙቅ፤ ጋቢውን ለመግለጥ ፈቃዱን እንጠይቅ። በጀርባው አስተኝተን፣ ጉልበቱን አሳጥፈን፣ ከሆዱ ቀኝ ግርጌ ወደ ግራ ጎድኑ ቀስ እያልን እንውጣ። አየር በሳበ ቁጥር ጣታችን ጸጥ ብሎ ይጠብቅ፤ ጣፊያው ራሱ ወርዶ ይነካዋል። ከጎድን ሥር የጀመረ ሐኪም እምብርት የደረሰውን ጣፊያ ይስተዋል!

ያበጠ ጣፊያ ብቻውን አይፈርድም፤ ወባም ያሳብጠዋል። ስለዚህ በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ከወባው ጎን የካላ አዛርን ምርመራ፣ በሽተኛው የሠራበትንም ቦታ ከነወሩ እንጻፍ።