መሰርሰሪያውን ማን ያዘ?

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የአጥንት ሐኪሞች ቡድን ወደ ሆስፒታላችን ለመላክ የቀረበውን ሐሳብ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔም እደግፈዋለሁ። እንግሊዝ አገር ነርሲንግ ተምሬ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ስለምሠራ ግን፣ ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንድናነሳ እፈልጋለሁ፦ ኦፕራሲዮኑን በእጁ የሚሠራው ማን ነው?

ሁለት ሬዚደንቶች እኩል ዓመት ሠልጥነው፣ አንድ ዓይነት ፈተና አልፈው፣ የእጅ ልምዳቸው ግን ሊለያይ ይችላል። ይህን ከሁሉ በፊት የምናየው መሣሪያ የምናቀብል ነርሶች ነን፤ መሰርሰሪያውም ብሎኑም በእኛ እጅ ያልፋልና። አንዱ ሠልጣኝ የተሰበረ ዳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጠግናል። ሌላው ቁስሉን ከፍቶ ይዞ ቆሞ ይውልና መጨረሻ ላይ ቆዳ ይሰፋል። እናቷ ስትጋግር ያየች ልጅ ሁሉ እንጀራ አትጋግርም፤ ሊጡን ራሷ ምጣዱ ላይ ማዞር አለባት።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ከስንፍና አይመጣም። አንዱ የሚመደበው ስብራት በሚበዛበት ሆስፒታል ነው፤ ሌላው ጋ ጥቂት ኦፕራሲዮን ለብዙ ሠልጣኝ ይከፋፈላል። ወረፋ ሲበዛና ሰዓት ሲገፋ አስተማሪው «ስጠኝ፣ እኔ ልጨርሰው» ይላል። በእንግሊዝ ቀለል ያሉ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራዎች በመንግሥት ወጪ ወደ ግል ሆስፒታሎች ሲላኩ፣ ሠልጣኞች ብዙ ጊዜ እዚያ ስለማይመደቡ የመማሪያው ዕድል አብሮ ይሄዳል።

ለዚህም ነው ሥራው የሚመዘገበው። በእንግሊዝ የአጥንት ሐኪም ሥልጠናውን ሲጨርስ 1,800 ያህል ኦፕራሲዮኖች በመዝገቡ እንዲኖሩት ይጠበቃል። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ረዳት ነበር? አስተማሪው አብሮት ታጥቦ ገብቶ ሠራ? አስተማሪው ከዳር ሆኖ እያየው ሠራ? ብቻውን ሠራ? ወይስ ለታናሹ አስተማረ? ይህ ሁሉ በየኦፕራሲዮኑ ይጻፋል።

አገር ቤት የስብራት ሕመምተኛ አይጠፋም፤ የመኪና አደጋው ብቻ ይበቃል። በጥቁር አንበሳ የሚሠለጥን ሬዚደንት፣ ወጌሻ ዘንድ ቆይቶ የመጣ፣ የከረመ ስብራት ያያል፤ እዚህ ያለው እኩያው ይህን እምብዛም አያገኝም። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ብረቱ፣ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛውና የማደንዘዣ ባለሙያው ነው። እንግዳ ቡድን ብረቱን ይዞ መጥቶ፣ በሁለት ሳምንት ሁሉን ራሱ ሠርቶ ሲሄድ፣ ያ ዕድል ከአገሬው ሐኪም እጅ ይወጣል። ቡድኑ ከተሳፈረ በኋላ ቁስሉ ቢመግል ወይም ብሎኑ ቢላላ በሌሊት የሚጠራው ግን ያው አገር ቤት የቀረው ሐኪም ነው።

የተሻለ መንገድ አለ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው «ሳይን» የተባለ ድርጅት፣ ኦፕራሲዮን ላይ የኤክስሬይ ማሽን ሳያስፈልግ በአጥንት ውስጥ የሚገባ ብረት ለድሃ አገር ሆስፒታሎች ይሰጣል። ብረቱን የሚያስገባው የአገሩ ሐኪም ነው። የሠራውን ከነኤክስሬዩ መዝግቦ ይልካል፤ በምትኩ አዲስ ብረት ይላክለታል።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን በስምምነቱ ላይ እንዲያስገባ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የሆስፒታሉ ወጣት ሐኪሞችና ለልምምድ የሚመደቡ ሬዚደንቶች የትኞቹን ኦፕራሲዮኖች በእጃቸው እንደሚሠሩ አስቀድሞ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የተተከለው ብረት መፍቻው ጭምር ሆስፒታሉ ውስጥ ይቅር፤ መፍቻው አብሮ ከተሳፈረ ብሎኑን የሚያወጣው የለም። ሦስተኛ፣ ሪፖርቱ «ይህን ያህል ሰው ታከመ» ብሎ አያብቃ፤ ስንቱን የአገሬው ሐኪም እንደሠራና አስተማሪው የት ቆሞ እንደነበር ይንገረን።

ይህ በድሃ ላይ ይለማመዱ ማለት አይደለም። አስተማሪው አጠገቡ ይቆማል፤ ሕመምተኛውም ማን እንደሚሠራለት አውቆ ይስማማል። እንዲህ ካልሆነ የታከሙት ሰዎች ብዛት ያስደስተን ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ለዚያው ስብራት እንደገና የአውሮፕላን ትኬት እንገዛለን።