በዝላይ ስለሚያልፍ ኤሌክትሪክ



እንጅባራ ላይ በአንድ ብርዳም ማለዳ የ15 ኪሎቮልት ኬብል ኢንሱሌሽን በ1,000 ቮልት ሜገር ለክቼ «ደኅና ነው» ስል ፈረምሁ። ኬብሉ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ተቃጠለ። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ፍርዴ ነው።

እንደ ፖሊኤቲሊን ባለ ሥርዓት የለሽ ቁስ ውስጥ ኤሌክትሮን በመዳብ እንደሚያልፈው በነፃነት አይፈስም፤ በክረምት ማጥ ውስጥ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እንደሚዘል መንገደኛ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይዘላል። ጉልበቱን የሚያገኘውም ከሙቀት ነው። የኤሌክትሪክ መስኩ ደካማ ሲሆን የፊትና የኋላ ዝላዩ ሊተካከል ጥቂት ስለሚቀረው፣ ጅረቱ ከመስኩ ጋር ተመጣጥኖ ያድጋል። መስኩ ሲበረታ ግን የፊተኛው መሰናክል ዝቅ ይልና ጅረቱ ከመስኩ እጅግ ፈጥኖ ያሻቅባል።

የእኛ ኢንሱሌሽን ውፍረቱ 4.5 ሚሊሜትር ነበር። ሜገሩ በየሚሊሜትሩ 220 ቮልት ገደማ አሳረፈበት፤ በሥራ ላይ ግን ከምድር አንጻር 8.7 ኪሎቮልት ስለሚሸከም 1,900 ይደርሳል። ቃጠሎው በተነሣበት ሥፍራ ጭረት ተገኝቷል፤ በጭረት ጫፍ ደግሞ መስኩ ከዚህም ይብሳል። መዳቡም ጭነት ሲበዛበት እስከ 90 ዲግሪ ሊግል ይችላል። እኔ የለካሁት ጣቴ በብርድ በደነዘዘበት ሰዓት ነው!

ከዚያ ወዲህ ዳንግላ ላይ ለምንዘረጋው አዲስ ኬብል ቮልቴጁን በደረጃ እያሳደግን፣ በየደረጃው የሚሾልከውን ጅረት እንመዘግባለን። ጅረቱ ቮልቴጁን ቀድሞ ከፈጠነ አንፈርምም።