ነቀለ፣ ወረሰ፣ አነሳ፦ የመንጠቅ ቃላት ታሪክ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር

ሠላሳ ዓመት የተከታተልሁት አንድ ጉዳይ ነው፤ ሰው ቤቱንና መሬቱን ሲነጠቅ ድርጊቱ በምን ቃል ይነገራል?

የጥንቱን ታውቁታላችሁና ባጭሩ ልለፈው። በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ንብረት በወንጌል መጽሐፍ ይመዘገብ ነበር። በየገዳማቱ የጉልት ጽሑፍም ርስቱን የሚነካ ይገዘታል። በአነጋገራችን ርስት ነቀለ ይባላል፤ ነቃዩም ይታወቃል።

1967 ላይ ግን ቆም ልበል። የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ትርፍ ቤትና የከተማ ቦታ በአዋጅ ተወረሰ። «ወረሰ» የመንጠቅ ትርጉም ያገኘው ያን ጊዜ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። በነገሥታቱም ዘመን የሸፈተ ሰው ርስቱ ይወረስ ነበር። አዲሱ ነገር፣ ያለ ጥፋት መወረሱ ነው። ልጅ ከሟች አባቱ የሚቀበልበትን ቃል፣ መንግሥት ባለቤቱ በቁሙ ሳለ ወሰደው።

ከሁሉ የደከምሁበት ደርግ በ1977 ያካሄደው ሰፈራ ነው። ከ500,000 በላይ ሰው ተወሰደ፤ አብዛኛው የወሎ ሰው ነው። ተመራማሪዎቹ ጄሰን ክሌይና ቦኒ ሆልኮምብ ተገደው ሄዱ አሉ። ሌላው ተመራማሪ አሉላ ፓንክረስት ወለጋ ከሰፈሩት ወሎዬዎች ጋር ኖሮ ረኃቡም፣ ተስፋውም፣ ግዳጁም ተደባልቆ እንደነበር አሳየ። ወደ አሉላ አደላለሁ፤ ግን ድብልቁን በየቤቱ፣ በየሰው መለየት ይገባል። ከአርዲቦ በላይ አንዲት እናት አውድማ ላይ ጤፍ ሲሰፍሩ ጠየቅኋቸው። ቁናውን እንደያዙ ቀና ብለው «ባሌ ተመዘገበ፤ ልጄ ከገበያ ታፈሰ» አሉኝ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ግሥ፤ አንድ ቤት። የሚታፈሰውም የሚሰፈረውም እህል ነበር።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ልናገር። የዚያን ዘመን የግብር መዝገብ ፍለጋ አንድ ቢሮ ብሄድ፣ ወረቀቱ ቆሎ መጠቅለያ ሆኖ አልቋል። እናትየዋን ባልጠይቃቸው ኖሮ የልጃቸው ግሥ አብሮ በጠፋ ነበር። ተማሪዎቼም «ሕዝቡ ተፈናቀለ» ብለው ይጽፋሉ። ማን አፈናቀለው? ስላቸው ዝም ይላሉ።

እስካሁን ያልሁትን ልሰብስብ። ነቀለ ነቃይ ነበረው፤ ግዝቱም እሱን ይፈልገው ነበር። ወረሰ ወራሽ ነበረው፤ አዋጁም በግልጽ ነግሮናል። አሰፈረ አስፋሪ ነበረው። ሰፋሪ ስንል ግን አስፋሪው ከቃሉ ወጣ፤ የቀረው የተወሰደው ሰው ብቻ ነው።

ሰዓቱ አልቋል ተብያለሁ፤ የ1989ኙን የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ልዝለለው። ወደ ዛሬው ስመጣ፣ ለሕዝብ ጥቅም መሬት ለማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱ «የሚለቀቅበት» ይላል፤ ሰውየውን «ተነሺ» ይለዋል። ከ2016 ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማትም የምንሰማው ይህንኑ ነው። ተነሺ፣ በገዛ እግሩ የተነሳ ይመስላል።

አደራ የምላችሁ ይህን ነው፦ ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ፣ በ1977 ሄዶ የተመለሰ ዘመድ ካላችሁ እንዴት እንደሄደ ጠይቁት። ታፈስሁ ካለ፣ ታፈስሁ ብላችሁ ጻፉ።