መብራት ሲጠፋ ከየት ይጀመራል?
(ለሐረር ዙሪያ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ኩራዝ ሲጠፋ ምክንያቱን ለማወቅ ችግር የለም። ወይ ጋዙ አልቋል፣ ወይ ክሩ ተቃጥሏል፣ ወይ ነፋስ አጥፍቶታል። ሁሉም በዓይን ይታያል። የኤሌክትሪክ መብራት ግን እንዲህ አይደለም። ሽቦ ኃይል ይኑረው አይኑረው ዓይን አይለየውም። ስለዚህ መብራቱ እምቢ ሲል አንዳንዱ በጨለማ ቁጭ ይላል፤ ሌላው ወንበር ላይ ወጥቶ ሽቦ ይነካካል። ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

አትክልትና ጫት የምታጠጡ ሰዎች ናችሁና በቦይ ልመስልላችሁ። ውኃ ከምንጩ ተነሥቶ በቦይ ይመጣል፤ ቦዩ ከተደፈነ ማሳው ይደርቃል። ኤሌክትሪክም ከምሰሶው ወደ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው ወደ ፊውዙ፣ ከፊውዙ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ውኃው ማሳው ላይ ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ ግን በሌላ ሽቦ መመለስ አለበት። ለዚህ ነው ወደ አምፖል ሁለት ሽቦ የሚገባው። አንደኛው ፌዝ፣ መመለሻው ኒውትራል ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ቢበጠስ አምፖሉ አይበራም።

ቦይ የሚጠግን ገበሬ ያገኘውን ቦታ ሁሉ አይቆፍርም። ውኃው እስከ የት ደርሶ እንደቆመ ያያል። መብራትም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ወደ ደጅ ውጡና ጎረቤትን እዩ። ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ ነገሩ የመብራት ኃይል ሰዎች ሥራ ነው፤ እናንተ ምሰሶ አትነኩም። የጎረቤት በርቶ የእናንተ ብቻ ከጠፋ ወደ ፊውዙ ተመለሱ። አንድ ክፍል ብቻ ከጠፋ ደግሞ አምፖሉን ጠርጥሩ።

ፊውዝ ምን ያደርጋል? ከሚችለው በላይ ኃይል ሲያልፍበት ቀድሞ ይቃጠላል፤ ቤቱ እንዳይቃጠል ማለት ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዙ ቤት በፊውዝ ፈንታ ብሬከር አለ፤ እሱ አይቃጠልም፣ ይወርዳል። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 60 ዋት አምፖል ለ220 ሲካፈል ከአንድ አምፔር ሩብ ትንሽ ይበልጣል። 3500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ግን 16 አምፔር ያህል ይፈልጋል። አንድ ምጣድ እንግዲህ ሃምሳ ስምንት አምፖል ማለት ነው! ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ ከተሰካ ሽቦው ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል።

ፊውዝ ሲቃጠልበት ወፍራም ሽቦ የሚያስገባ አለ። ምስማር የሚያስገባም አለ፤ የሲጋራ ብርማ ወረቀት የሚጠቀልልም አይጠፋም። መብራቱ ይበራለታል፤ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ጠባቂውን ገድሎ ነው የተኛው።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። በቤቱ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ አጥፉ፤ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ከዚያ ብሬከሩን መልሱ። ከቆመ አንድ በአንድ እያበራችሁ ጠብቁ። ሲበራ ብሬከሩን ያወረደው እሱ ጥፋተኛ ነው፤ ለይታችሁ አስቀምጡት። ሁሉም ጠፍቶ ሳለ እንኳ ብሬከሩ አልቆም ካለ ሁለቱ ሽቦዎች መንገድ ላይ ተነካክተዋል፤ ሾርት ይሉታል። ያን ጊዜ ባለሙያ ይጠራ።

ጀጎል ውስጥ ይህ ነገር የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። የቆዩት ቤቶች በድንጋይና በጭቃ ተሠርተው በኖራ የተለሰኑ፣ ጣራቸውም በእንጨት የተረበረበ ነው። ሲሠሩ ኤሌክትሪክ አልታሰበም፤ ሽቦው በኋላ መጥቶ በግድግዳውና በእንጨቱ ላይ ተጎተተ። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ይረጥባል፤ ለበዓል ኖራ ሲቀባም ውኃው ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ይገባል። ውኃና ኤሌክትሪክ ከተገናኙ ግድግዳው ራሱ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ኖራ ከመቀባታችሁ በፊት ዋናውን ብሬከር አውርዱ፤ ግድግዳው እስኪደርቅም አትመልሱ። ግድግዳ ወይም ማብሪያ ማጥፊያ እጅ ሲነዝር ደግሞ «ትንሽ ነው» ብሎ መተው የለም።

አሁን አንድ አምፖል ብቻ ጠፋ እንበል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍቶ «ኃይሉ ተቋርጧል» ብሎ ያምናል። ሥራውን በደንብ ያልተማረ ሰው ማብሪያ ማጥፊያውን በፌዙ ፈንታ ኒውትራሉ ላይ አስሮት ከሆነ፣ አምፖሉ ጠፍቶም መያዣው ውስጥ ኃይል አለ። ጣት የገባ እንደሆነ ይይዛል። ስለዚህ ዋናውን አውርዱ። ቀን በብርሃን ሥሩ፤ እጃችሁም እግራችሁም ደረቅ ይሁን። ከሌላ ክፍል ደህና አምፖል አምጥታችሁ ለውጡ። ከበራ የድሮው አምፖል ሞቷል። ካልበራ መያዣው ወይም ማብሪያ ማጥፊያው ነው፤ ብሎኑ ላልቶ ይሆናል፣ ወይም ሽቦው ተቃጥሎ ተበጥሷል። አዲስ አምፖል ስትገዙ ባለሱቁ ሰክቶ ያሳያችሁ፤ ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ።

አምፖሉ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አንድ ቦታ ያልጠበቀ መገጣጠሚያ አለ። እንዲህ ያለው ቦታ ይግላል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ ጣራ እንጨት ላይ መተው እሳት መቅበር ነው። ደግሞ አንዳንዱ አምፖል በድንገት ከልክ በላይ ቦግ ካለ፣ ሌላው ከደከመ፣ ወዲያው ዋናውን አውርዱ፤ ኒውትራሉ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቤት ያለው ዕቃ ሊቃጠል ይችላል።

ሰው ከተያዘስ? በእጅ አትሳቡት፤ እናንተም ትያዛላችሁ። ዋናውን አውርዱ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ከሽቦው አላቁት። ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው፤ ልቡ ተጎድቶ ይሆናል። የወደቀ የምሰሶ ሽቦ ከሆነ ግን በእንጨትም አትጠጉ።

አንድ ሥራ ዛሬ ማታ መሥራት ትችላላችሁ። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዳችሁ የትኛው ክፍል እንደጠፋ እዩ። ከዚያ በራሳችሁ እጅ «ወጥ ቤት»፣ «መኝታ»፣ «ደጅ» ብላችሁ ጻፉና አጠገባቸው ለጥፉት።